ምክሩን በወረቀት የሸጠ መሐንዲስ፤ የጆን ስሚተን ታሪክ

መሐንዲስ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን ድንጋይ ሲያስጠርብና ሠራተኛ ሲያዝ የሚውል ሰው ነው። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ እንኳ ሳይቀጥር፣ ቦታውን አይቶ፣ ለክቶና አስልቶ፣ ሥራው በምን ዐይነት ቢሠራ እንደሚጸና በጽሑፍና በንድፍ በመምከር የሚተዳደር መሐንዲስም አለ። እርሱም አማካሪ መሐንዲስ ይባላል። ስለዚህ ሙያ ለመጽሔታችን ልጽፍ ማሰቤን ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ብነግረው፣ ምክር በገንዘብ መሸጡ አስደንቆት ሳቀብኝ። መሳቁም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአገራችን ምክር ከሽማግሌ በነጻ የሚገኝ፣ ዋጋውም ምስጋና ብቻ የሆነ ነገር ነውና። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ምክር መተዳደሪያው ካደረጉት መሐንዲሶች ቀዳሚ የሆነውን የእንግሊዛዊውን የጆን ስሚተንን ታሪክ እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሚተን በ1724 ዓ.ም. ጁን 8 ቀን ሊድስ ከተባለችው ከተማ አጠገብ በኦስቶርፕ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ስለ ነበረ ልጁ በሙያው እንዲተካው ይመኝ ነበር። ልጁ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደስታው መሣሪያና የእጅ ሥራ ነበር። በ1742 ዓ.ም.፣ ልክ እኔ ዛሬ ባለሁበት በ18 ዓመት ዕድሜው፣ ሕግ እንዲማር ወደ ሎንዶን ተላከ። ጥቂት ከቈየ በኋላ ግን ይህ ትምህርት ለተፈጥሮው የማይስማማ መሆኑን በጽሑፍ ለአባቱ አስረዳ። አባቱም አዝኖ ይሁን ተደስቶ እንጃ፣ ፈቀደለት። ይህን ክፍል ወላጆቻችን ቀስ ብለው ቢያነቡልን ደስ ይለናል።

ከዚያ በኋላ ስሚተን በሎንዶን የመለኪያ መሣሪያዎች የሚሠራበት ሱቅ ከፈተ። መሣሪያ ሲሠራ ተመራማሪም ሆነ፤ በ1753 ዓ.ም. ገና 28 ዓመቱ ሳለ የሎንዶን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1755 ዓ.ም. ደግሞ የሆላንድን ቦዮችና ወደቦች በዐይኑ ለማየት ተጓዘ። በዚያን ዘመን የፋብሪካ ኃይል ውኃና ነፋስ ነበር። ወፍጮ ሠሪዎችም አባቶቻቸው እንደሠሩት ይሠሩ ነበር እንጂ የትኛው መንኰራኵር እንደሚሻል ለክቶ የሚናገር አልነበረም። ስሚተን ትንሽ አምሳያ ሠርቶ ውኃውን እየለካ ሞከረ። ውኃው ከላይ የሚወርድበት መንኰራኵር፣ ውኃው ከሥር እየመታ ከሚያዞረው ይልቅ ከአንድ ዐይነት ውኃ ሁለት እጥፍ ያህል ሥራ እንደሚሰጥ አረጋገጠ። ስለዚህ ጥናቱ ማኅበሩ በ1759 ዓ.ም. የኮፕሊን ሜዳይ ሸለመው። ከዚህ ወዲህ የወፍጮ ባለቤቶች ምክሩን ፈልገው ቢመጡ የሚያስገርም አይደለም።

ስሙን የተከለው ግን የባሕር መብራት ግንብ ነው። ከፕሊመዝ ወደብ ፊት ለፊት በባሕር መካከል ኤዲስቶን የሚባሉ ድንጋዮች አሉ፤ ብዙ መርከቦችም ተሰባብረውባቸዋል። በዚያ የመጀመሪያውን የመብራት ግንብ የሠራው ሄንሪ ዊንስታንሊ በ1703 ዓ.ም. ማዕበል ግንቡን ጠራርጎ ሲወስደው ራሱም በውስጡ ነበርና አብሮ ጠፋ። በእንጨት የተሠራው ሁለተኛው ደግሞ በ1755 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠለ። ባለቤቶቹ መሐንዲስ እንዲጠቁማቸው የንጉሣዊውን ማኅበር ፕሬዚዳንት ቢጠይቁት ስሚተንን ጠቆማቸው።

ስሚተን ግንቡ በድንጋይ ብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ ቅርጹንም ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ እንደሚሄድ የዋርካ ግንድ አደረገው። ድንጋዮቹ እንደ አናጺ ሥራ እርስ በርሳቸው እንዲነካከሱ ሆነው ተጠረቡ። ተራ ኖራ በውኃ ውስጥ ስለማይጠነክር ብዙ ዐይነት ኖራዎችን ፈተነ፤ በመጨረሻም ጭቃ ያለበት የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚሰጠው ኖራ በውኃ ውስጥ የሚጠና መሆኑን ደረሰበት። ይህ ዕውቀት በኋላ ለመጣው ሲሚንቶ መንገድ ከፈተ። ሠራተኞቹ በሁለት ጓድ ተከፍለው በየሳምንቱ ይለዋወጡ ነበር፤ አንዱ ጓድ በባሕሩ ድንጋይ ላይ ሲሠራ ሌላው በየብስ ድንጋይ ይጠርባል። የመጀመሪያው ድንጋይ በ1757 ዓ.ም. ጁን 12 ቀን ተቀመጠ፤ መብራቱም በ1759 ዓ.ም. ኦክቶበር 16 ቀን በ24 ሻማዎች በራ።

ከዚህ በኋላ ደንበኞች በረከቱ። አንድ ከተማ ድልድይ ሲፈልግ፣ አንድ ማኅበር ቦይ ለማስቆፈር ሲያስብ ወደ ስሚተን ይጽፋል። እርሱም በፈረስ ወይም በሠረገላ ሄዶ ወንዙንና አፈሩን ያያል፣ ያስለካል፤ ወደ ቤቱ ተመልሶም ንድፉን፣ የወጪውን ግምትና ዘገባውን አዘጋጅቶ ይልካል። ደንበኛው ሥራውን ከፈቀደ በቦታው ዕለት ዕለት የሚውል ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይሾማል፤ ስሚተን ግን አልፎ አልፎ እየመጣ ይመረምራል። ዋጋው የሥራው ጊዜ ዋጋ ነው እንጂ ከሥራ ተቋራጩ ትርፍ አይካፈልም። ይህን ነገር በደንብ ሳስበው የሙያው ክብር ያለው እዚህ ላይ መሰለኝ፤ ትርፍ የሚካፈል ሰው ርካሹን ድንጋይ ጥሩ ነው ለማለት ይፈተናልና።

መሥሪያ ቤቱም እንደ ዛሬዎቹ ትልቅ ፎቅ አልነበረም። በኦስቶርፕ በቤቱ አጠገብ በሠራው ግንብ ውስጥ ምድር ቤቱ የአንጥረኛ ወናፍ ያለበት፣ ከዚያ በላይ ቶርኖው፣ ከዚያ በላይ አምሳያዎቹ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ንድፍና ጽሑፍ የሚሠራበት ክፍል ነበር። እዚያ ሲገባ ማንም እንዳይጠራው ጥብቅ ትእዛዝ ነበረ ይባላል። አብረውት የሚሠሩት ጥቂት ነዳፊዎችና ተለማማጆች ብቻ ነበሩ።

ከተለማማጆቹ አንዱ ዊልያም ጄሶፕ ነው። የዊልያም አባት ጆሳያስ ጄሶፕ በፕሊመዝ የመርከብ ሠሪዎች አለቃ ሆኖ ኤዲስቶን ሲሠራ ስሚተንን ረድቶታል። ዊልያም በ1759 ዓ.ም. በ14 ዓመቱ ወደ ስሚተን ቤት ገባ፤ ብዙ ሳይቈይ አባቱ ሲሞት ስሚተን አሳዳጊው ሆነ። ስምንት ዓመት ተለማማጅ ነበር። ከዚያም እስከ 1772 ዓ.ም. ድረስ ደመወዝተኛ ረዳት ሆነ። በ27 ዓመቱ ራሱን ችሎ በስሙ መምከር ጀመረ። አንባቢ ሆይ፣ ቍጥሩን ደምረው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ይሆናል። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ወረቀታችንን ይዘን በአንድ ዓመት ውስጥ አለቃ መሆን ስለምናስብ ይህን ቍጥር በደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሠመርሁበት። ስሚተን ጄሶፕን እንደ ተቀናቃኝ አላየውም፤ ራሱን ከቻለ በኋላ እንኳ በ1773 ዓ.ም. ስለ አየርላንድ ታላቁ ቦይ ሊመክር ሲሄድ አብሮት እንዲጓዝ አድርጓል።

በ1771 ዓ.ም. ስሚተንና የሙያ ባልንጀሮቹ በሎንዶን ሆልቦርን ሰፈር በአንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው የሲቪል መሐንዲሶችን ማኅበር መሠረቱ። ሲቪል ማለታቸው ራሳቸውን ምሽግ ከሚሠሩት ከጦር መሐንዲሶች ለመለየት ነበር። ጄሶፕም በኋላ የዚህ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ብዙ ዓመት አገልግሏል።

አሁን የምናገረው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ በአጭሩ የሚታለፍ ነው። በሰሜን እንግሊዝ በታይን ወንዝ ላይ ያሉትን ድልድዮች በ1771 ዓ.ም. የመጣ ጎርፍ ከአንዱ በቀር ጠርጎ ወስዷቸው ነበር። ሄክሰም በምትባል ከተማ አዲስ ድልድይ እንዲሠራ ስሚተን ንድፍ ሰጠ። የወንዙ ወለል ከላይ ጠጠር፣ ከሥሩ ልል አሸዋ ነው። ስሚተን ጠጠሩ ምሰሶዎቹን ይሸከማል ብሎ አመነ። ድልድዩ በ1780 ዓ.ም. አለቀ። በ1782 ዓ.ም. ማርች 11 ቀን በረዶ ቀልጦ ወንዙ ሞላ፣ ውኃው በምሰሶዎቹ መካከል እየተወረወረ ጠጠሩን ከሥራቸው ቦርቡሮ አወጣው፤ ድልድዩም ፈረሰ።

ስሚተን በዚህ ጊዜ 57 ዓመቱ ነበር። በስኮትላንድ በኮልድስትሪምና በፐርዝ ያቆማቸው ድልድዮች ጸንተው ነበር፤ እስከ ዛሬም ቆመዋል። ከኤዲስቶን ወዲህ ስሙ ማስተማመኛ ሆኖ ሳለ፣ እርሱ ጸንቶ ይቆማል ያለው ሥራ በጥቂት ሰዓት ፈረሰ። እጅግ አዘነ። ድንጋዩን የጠረበው ሌላ፣ ግንባታውን ያሠራውም ሌላ ቢሆንም መሠረቱ ይበቃል የሚለው ምክር የእርሱ ነበርና ሊያመካኝበት የሚችል ሰው አልነበረውም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ምክር በነጻ ሲሰጥና በዋጋ ሲሸጥ ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ሽማግሌው የመከረን ምክር ባይሳካ እኛው አልሰማንም እንባላለን፣ የስሚተን ምክር ግን ከሥሩ የተፈረመበት ስም አለው።

ሥራውን ግን አልተወም። ዘጠኝ ዓመት ያህል ደግሞ መከረ፤ የራምስጌት ወደብን ሥራም ተመለከተ። በ1791 ዓ.ም. ስለ ኤዲስቶን ግንብ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ታተመ፤ አዲስ ሥራ መቀበልንም አቆመ። በ1792 ዓ.ም. ሴፕቴምበር በአትክልቱ ቦታ ሲመላለስ ሕመም ጣለውና ኦክቶበር 28 ቀን በ68 ዓመቱ ሞተ፤ በዊትከርክ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ለደንበኞቹ የጻፋቸው ዘገባዎች ተሰብስበው በ1812 ዓ.ም. በሦስት ቅጽ ታተሙ። ጄሶፕ ደግሞ በሎንዶን የዌስት ኢንዲያን የመርከብ ወደብ እስከ መሥራት ደረሰ፤ ከታወቀው ከቶማስ ቴልፎርድም ጋር በታላላቅ ቦዮች ላይ ሠራ።

የኤዲስቶን ግንብ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አገለገለ። በመጨረሻ የተጐዳው ግንቡ ሳይሆን ከሥሩ ያለው የባሕር ድንጋይ ነበር፤ ማዕበሉ እየቦረቦረው ሄዶ ነበርና። ስለዚህ በ1882 ዓ.ም. በአጠገቡ አዲስ ግንብ ሲቆም የስሚተን ግንብ የላይኛው ክፍል ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ ወደ ፕሊመዝ ተወሰደና በባሕሩ ዳር በኮረብታው ላይ እንደገና ተሠራ። የታችኛው ክፍል ግን ሳይነሣ ቀረ፤ ዛሬም ከአዲሱ ግንብ ጎን በባሕሩ መካከል ቆሞ ይታያል።