ፋይንማንና በብዕሩ ያልጻፈው መጽሐፍ

ፊዚክስ ተምሮ ሦስቱን የፋይንማን ጥራዞች ያላገላበጠ ቢኖር እንኳ ስማቸውን መስማቱ አይቀርም። ሪቻርድ ፋይንማን ግን ቁጭ ብሎ አልጻፋቸውም፤ ጠመኔ ይዞ፣ ቆሞ አስተማራቸው እንጂ።

የተወለደው በ1918 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የደንብ ልብስ ሻጭ የነበረው አባቱ፣ የወፍን ስም በዓለም ቋንቋ ሁሉ ማወቅ ወፏን ማወቅ እንዳልሆነ ገና በጠዋቱ አስተማረው። በጦርነቱ ጊዜ በሎስ አላሞስ የአቶሚክ ቦምቡ ሥራ ላይ ተሳተፈ፤ በ1945 ባለቤቱን አርሊንን በሳንባ ነቀርሳ አጣ።

መምህርነቱን ለመረዳት ብራዚልን ማንሳት ይሻላል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሪዮ ውስጥ ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹ የብርሃን ፖላራይዜሽንን ትርጓሜ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ከውሃ ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን ያው የሸመደዱት ነገር መሆኑ ግን ባሕሩ ፊታቸው ተዘርግቶ እንኳ አልመጣላቸውም። (ይህን ሲያነብ የፈተና ዋዜማ ትዝ የሚለው አይጠፋም።) ሊሄድ ሲል መምህራንና ባለሥልጣናት በተሰበሰቡበት፣ በአገሩ ሳይንስ እየተሰጠ እንዳልሆነ ቁርጡን ነገራቸው።

በካልቴክ ደግሞ ባልደረባው ማቲው ሳንድስ የጀማሪዎቹ ፊዚክስ አርጅቷል፣ ይለወጥ ብሎ ሲሟገት ቆይቶ ማስተማሩ ለፋይንማን ተሰጠ። ከ1961 እስከ 1963፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 180 ያህል ተማሪዎች ፊት ቆመ። ንግግሩ በቴፕ ተቀዳ፤ ሰሌዳው ፎቶ ተነሣ። ከአንደበት የወጣን ነገር ጽሑፍ ማድረግ ቀላል አይደለም። ያን ሁሉ አበሳ የቻሉት ሮበርት ሌይተንና ሳንድስ ናቸው፤ ስማቸው ሽፋኑ ላይ አለ፣ ግን ማን ያነሣዋል?

ፋይንማን በመግቢያው ላይ ለራሱ አላዘነም። የፈተናውን ውጤት አይቶ አብዛኛውን ተማሪ እንዳልጠቀመ ደመደመ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር የገባቸው ከአንድ እስከ ሁለት ደርዘን የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። በእኔ እምነት ሚዛኑ ጠቦበት ነው። ለጀማሪ የታሰበውን መጽሐፍ አጥብቀው የያዙት አስተማሪዎቹ ናቸው፤ ያንኑ ርዕስ ሊያስተምሩ ሲሉ እሱ እንዴት እንደጀመረው ያያሉ። የአንድ ክፍል ፈተና ይህን ከየት ያሳየዋል?

በ1965 የኖቤል ሽልማትን ከሽዊንገርና ከቶሞናጋ ጋር ተካፈለ። በ1986 የቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ ሲጣራ፣ የጎማ ቁራጭ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ቅዝቃዜ ምን እንደሚያደርገው በካሜራ ፊት አሳየ፤ ያው የክፍል ልማዱ ነው። በ1988 በካንሰር አረፈ። ሦስቱን ጥራዞች ካልቴክ ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ያስነብባል።