አበበ ቢቂላ ከሩጫ በኋላ

በዚህ እትም የታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ የማዘጋጀት ተራው የእኔ ነው። የመረጥኩት አበበ ቢቂላን ነው። በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሁላችንም ስለምናውቅ ምን አዲስ ነገር ልትነግሪን ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን በተለይ ልነግራችሁ የፈለግኩት መሮጥ ካቆመ በኋላ ስለሆነው ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር። ያኔ በገጠር የወንዶች ልጆች ስፖርት ገና ነው፤ ማራቶን የሚባል ነገር ማንም አያውቅም። ሩጫን እንደ ስፖርት ያገኘው አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ከሆነ በኋላ ነው። እዚያ ውድድር ነበር፤ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ከስዊድን የመጡ አሠልጣኝም ነበሩ። ክብር ዘበኛ ባይገባ ኖሮ እግሩ ያው እግር ነው፣ ግን ሯጭ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨርሶ አሸነፈ። ውድድሩ ሲያልቅ መሽቶ ስለነበር መንገዱ ላይ ችቦ በርቶ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ድጋሚ አሸነፈ። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

መጋቢት 1961 ዓ.ም. ላይ የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። አከርካሪው ተጎዳ። መጀመሪያ እጆቹም እንቢ ብለው ነበር፤ በኋላ እጆቹ ሲሻላቸው እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባል ሆስፒታል ተላከ።

እኔን በጣም የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። የዚያ ሆስፒታል ሐኪም ዶክተር ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች አልጋ ላይ ተኝተው መቅረት የለባቸውም ብለው ለበሽተኞቻቸው ስፖርት ያስጀመሩ ሰው ናቸው። አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ እዚያው ሮም ውስጥ 400 ያህል አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች በዊልቸር ተወዳድረዋል። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው እሱ ነው። ያንን ያዘጋጁትም እኚሁ ዶክተር ነበሩ። ታዲያ አበበ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እሳቸው ሆስፒታል ገባ።

እዚያም ቀስት መወርወር ተለማመደ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በዊልቸር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄዶ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ውድድር ደግሞ አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ይህን ሳነብ የክፍላችን አንዷ ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷ የምትሄደው በክራንች ነው። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እኛ ሜዳ እንወርዳለን፣ እሷ ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ የሁላችንንም ሹራብና ቦርሳ ትጠብቃለች። ማንም አትጫወቺ አላላትም። ግን ነይ ያላትም የለም። እኔም ስንት ጊዜ ሹራቤን ሰጥቻታለሁ፤ አንድም ቀን መጫወት ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ይህን ስጽፍ ያፈርኩት በዚህ ነው።

አስፈቅጄያት ነው የጻፍኩት። ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት ሁለት ዴስክ ገጥመን፣ መሐሉ ላይ ደብተር አቁመን በደብተር ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወትን። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የተጫወተችው። 11 ለ 6 አሸነፈችኝ። እጇ እንዲህ ፈጣን መሆኑን አብረን ሦስት ዓመት ስንማር አላወቅኩም ነበር።

አበበ ሁለት ጊዜ ዕድል አግኝቷል። መጀመሪያ ክብር ዘበኛ ሩጫን አገኘ፣ በኋላ ሆስፒታሉ ውስጥ ቀስት ሰጡት። ጉብዝናው የራሱ ነው፤ ቦታውን የከፈቱለት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለስፖርት መምህራችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሁላችንም የሚሆን ጨዋታ በሳምንት አንድ ቀን ቢኖረንስ? ጠረጴዛው እስኪገዛ ዴስካችን ይበቃናል።

ለተማሪዎች ደግሞ፦ እባካችሁ ሹራባችሁን ራሳችሁ ያዙ፣ እሷ ጨዋታ አላት። በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን!