በ13 ዓመቱ ፊልም የሠራው ዮሪስ ኢቨንስ

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ሕይወት አምድ ላይ ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ ሆላንዳዊ ፊልም ሠሪ ታሪክ ነው። ስሙ ዮሪስ ኢቨንስ ይባላል። እሱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የመጀመሪያ ፊልሙን ሲሠራ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። እኔም አሁን 13 ዓመቴ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚያህል ልጅ ፊልም ሠራ ሲባል አይገርማችሁም? እኔን በጣም ገርሞኛል።

ዮሪስ እ.ኤ.አ. በ1898 ናይሜኸን በምትባል የኔዘርላንድስ ከተማ ተወለደ። አያቱ ፎቶ አንሺ ነበሩ። አባቱ ደግሞ የፎቶግራፍ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ነበራቸው። ስለዚህ ለሌላው ልጅ ብርቅ የሆነው ካሜራ ለእሱ የቤት ዕቃ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1912 ዮሪስ ከአባቱ ሱቅ የፊልም ካሜራ ይዞ «ዊግዋም» የተባለ አጭር ፊልም ሠራ። ዊግዋም ማለት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጎጆ ነው። ተዋናይ ከየት አመጣ? ከቤቱ ነዋ! ወላጆቹ፣ ወንድሞቹና እህቶቹ ሁሉም ተሳተፉ። ታሪኩ ጥቁር ንስር የሚባል ክፉ ሰው የአንድ ገበሬ ልጅ ጠልፎ ይወስዳል፤ የሚነድ ጨረር የተባለው ደግ ጀግና ደግሞ ያድናታል። ጀግናውን ሆኖ የተጫወተው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ዮሪስ ነው።

ያኔ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ካሜራውም በእጅ የሚዞር እጀታ ነበረው። ቀረፃ ላይ ያለው ሰው እጀታውን በአንድ ሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል እኩል ማዞር አለበት። ይህም በሰከንድ 16 ገደማ ፎቶ ይሰጣል። ፈጠን ወይም ዘግየት ካለ፣ ፊልሙ ሲታይ የሰዎቹ አካሄድ ይበላሻል። ንግግር ስለሌለም የሚባለው ነገር በጽሑፍ መሀል መሀል ይገባል። የቀረው ሁሉ በእንቅስቃሴና በፊት ገጽታ ነው የሚነገረው።

ዮሪስ ካደገ በኋላ ሮተርዳም ውስጥ ኢኮኖሚክስ፣ ጀርመን አገር በርሊን ደግሞ የፎቶግራፍ ኬሚስትሪ ተማረ። አባቱ ሱቁን እንዲረከብ ነበር ሐሳባቸው። እሱ ግን ልቡ ፊልም ላይ ነበር። በ1928 «ድልድዩ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። ሮተርዳም ውስጥ መርከብ ሲመጣ መሀሉ ወደ ላይ የሚነሳ የባቡር ድልድይ ነበር። ፊልሙ በቃ የዚያ ድልድይ ሥራ ነው። በ1929 ደግሞ ከማነስ ፍራንከን ጋር «ዝናብ» የተባለውን ሠራ። አምስተርዳም ላይ ዝናብ ሲጀምር፣ ሰው ጃንጥላ ሲዘረጋ፣ ውሃ በመስኮት ሲወርድና ሲያባራ ያሳያል። ርዝመቱ 12 ደቂቃ ገደማ ቢሆንም ለወራት ዝናብ እየጠበቀ ነው የቀረፀው። ሲተኛ እንኳ ካሜራው አጠገቡ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን የለም። ሰው የዓለምን ዜና በዓይኑ የሚያየው ሲኒማ ቤት ገብቶ ነው፤ ከዋናው ፊልም በፊት የዜና ፊልም ይታይ ነበር። በ1930 ገደማ ኢቨንስና ጓደኞቹ ዓርብ ማታ እነዚህን የዜና ፊልሞች ይዋሱና ቅዳሜ ቆራርጠው በሌላ ቅደም ተከተል ይቀጥሏቸዋል። እሁድ ጠዋት ለሠራተኞች ያሳያሉ። ከዚያ እንደነበረ መልሰው ቀጥለው ለባለቤቶቹ ይመልሳሉ። አንድም አዲስ ነገር ሳይቀርፁ የዜናውን ትርጉም ይቀይሩት ነበር!

ይህ እንዴት ይሆናል? በምሳሌ ላስረዳ። በስፖርት ቀን አንድ መምህር ሲስቁ ተቀረፁ እንበል። ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ተቀረፀ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብንቀጥላቸው ግን መምህሩ በልጁ ልቅሶ የሳቁ ይመስላሉ። ካሜራው አልዋሸም፤ መቀሱ ግን ዋሸ። እንደ እኔ የኢቨንስ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው።

እሱ ራሱ የድሆችንና የሠራተኞችን ወገን መርጦ ነበር። በ1933 ከቤልጂየማዊው ሄንሪ ስቶርክ ጋር በቦሪናዥ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ችግር ላይ ፊልም ሠራ። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ስለነበር ብዙዎቹ ከቤት እየተባረሩ ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ለቀረፃ ብለው አንድ ሰልፍ አዘጋጁ። የሰፈሩ ሰው ግን የምር ወጣ፤ የውሸቱ ሰልፍ እውነተኛ ሰልፍ ሆነ፤ ፖሊስም መጣ።

በ1946 ደግሞ አውስትራሊያ ነበር። ኢንዶኔዥያ ከሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ነፃ መውጣቷን አውጃለች። ሲድኒ ወደብ ያሉ ሠራተኞች የሆላንድን መርከቦች አንጭንም አሉ። ኢቨንስ ለአገሩ መንግሥት የያዘውን ሥራ ለቆ ይህን ቀረፀ፤ ፊልሙም «ኢንዶኔዥያ ትጣራለች» ተባለ። በዚህ የተነሳ የገዛ አገሩ ባለሥልጣናት ፊታቸውን አዞሩበት፤ በፓስፖርት ጉዳይ ለዓመታት ተንገላታ። ለአንድ የ22 ደቂቃ ፊልም የከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ግን ጥሩውን ብቻ ብጽፍ እኔም በመቀስ ቆረጥኩ ማለት ነው። ኢቨንስ በሚወዳቸው መንግሥታት ላይ ሲሆን ክፉ ጎናቸውን የማያሳይበት ጊዜ ነበር። በ1976 ስለ ቻይና የወጡት ተከታታይ ፊልሞቹ በባህል አብዮቱ የተሠቃየውን ሕዝብ ሳያሳዩ ቀሩ ተብሎ ተወቅሷል። ወቀሳው ልክ ይመስለኛል። ለድሃ የቆመ ሰውም ቢሆን የሚቆርጠው ነገር ላይ መጠንቀቅ አለበት።

የመጨረሻ ፊልሙ በ1988 የወጣው የነፋስ ታሪክ ነው። ዕድሜው 90 ሊሞላ ነው፤ አስምም አለበት። ሆኖም ባለቤቱን ማርሴሊን ሎሪዳንን ይዞ ቻይና በረሃ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነፋስ ሲጠብቅ ይታያል። የማይታየውን ነፋስ ለመቅረፅ! እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1989 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ያ ያስቀየመው የሆላንድ መንግሥት የክብር ኒሻን ሰጥቶት ነበር።

እኛ የሚኒ ሚዲያ ልጆች በሰልፍ ሰዓት ዜና እናነባለን፣ በዚህ መጽሔትም እንጽፋለን። ካሜራ ባይኖረንም መቀስ አለን፤ የቱን ዜና እናስቀድም፣ የቱን እንተው ብለን የምንወስነው እኛ ነን። ስለዚህ አንድ ዜና ስናዘጋጅ ምን ጨመርን ብቻ ሳይሆን ምን ቆረጥን ብለንም እንጠይቅ። እናንተም አንባቢያን ጠይቁን።