አባ ጎርጎርዮስ እና ሦስቱ ጥያቄዎች

በዛሬው የሕይወት ታሪክ አምዳችን የመረጥኩላችሁ አባ ጎርጎርዮስን ነው። ያለምክንያት አልመረጥኳቸውም። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አድቨርብ፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ተውሳከ ግስ የምንለው ነገር ብዙዎቻችንን ግራ ያጋባል። የእኚህን ሰው ታሪክ ሳነብ ግን ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

መጀመሪያ ስሙን እንየው። በሳይንስ ትምህርት ጥገኛ ተውሳክ ሲባል የሆድ ትል ነው ትዝ የሚለን። በግዕዝ ግን ተውሳክ ማለት ጭማሪ ማለት ነው። ስለዚህ ተውሳከ ግስ በግሱ ላይ የሚጨመር ነው። ግሱን እንዴት? መቼ? የት? ብለን ስንጠይቀው መልሱን የሚሰጠን እሱ ነው።

አሁን የአባ ጎርጎርዮስን ሕይወት በግስ ብቻ ልንገራችሁ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተሰደዱ፣ አስተማሩ፣ ተሳፈሩ፣ ሞቱ። አለቀ! ይሄ የማን ታሪክ ነው? የማንም ሊሆን ይችላል። እስቲ ግሶቹን እንጠይቃቸው።

የትና መቼ ተወለዱ? በመካነ ሥላሴ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1595 ገደማ። መቼ ተሰደዱ? ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ነበር። በ1632 ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ሲነግሡ የኦርቶዶክስ እምነት ተመለሰ፣ ካቶሊኮቹም ከአገር ተባረሩ። አባ ጎርጎርዮስ ከእነሱ ጋር ስለነበሩ ከዚያ በኋላ አገራቸውን ጥለው ወጡ፤ ሮም ከተማ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቤት ተቀመጡ።

የት አስተማሩ? እዚያው ሮም። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ ፈልጎ አገኛቸው። እሳቸው ያኔ 50 ዓመት አልፏቸዋል። እንዴት ተግባቡ? በመጀመሪያ በግዕዝ፣ ያውም በችግር። ሉዶልፍ ግዕዝን የተማረው ከመጽሐፍ ነበርና። ቀስ በቀስ ግን እሱ እየጠየቀ እሳቸው እየመለሱ አማርኛንም አስተማሩት። በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ተቀመጡና ሥራቸውን ቀጠሉ።

እንዴት ሞቱ? እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነካው። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በመርከብ ተሳፈሩ። መርከቡ በሜዲትራኒያን ባሕር፣ እስክንድሮና አጠገብ ተሰበረና ሰጠሙ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም።

ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ዳግመኛ የሚለው ተውሳከ ግስ ነው። እሱን ብናወጣው አገራቸውን አላዩም ይሆናል። ይሄ ደግሞ ውሸት ነው፤ ተወልደው ያደጉት እዚያው አይደል እንዴ? አንዷ ጭማሪ ቃል ስትወጣ እውነቱም ሐዘኑም አብሮ ይወጣል። ጭማሪ ስለተባለ ትርፍ ነው ማለት አይደለም።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመጣ፣ ብዙ ተማሪ መጨረሻው ላይ ኤል እና ዋይ ካየ አድቨርብ ነው ይላል። ኩዊክሊ እና ስሎውሊ ላይ ይሠራል። ፍሬንድሊ ግን ያው ጭራ እያለው ቅጽል ነው፤ ሰውየው ምን ዓይነት ነው ለሚለው ነው የሚመልሰው። ፋስት ደግሞ ጭራ ሳይኖረው ሁለቱንም ይሆናል። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ላይ ፈጣን መኪና አየሁ ስንል መኪናውን ይገልጻል፤ ቅጽል ነው። መኪናው በፍጥነት ሄደ ስንል ግን መሄዱን ይገልጻል፤ ያኔ አድቨርብ ነው። በእንግሊዝኛ በሁለቱም ቦታ ፋስት ነው የምንለው። እንግዲህ ጭራውን ሳይሆን ሥራውን ነው ማየት።

በአማርኛም ራሳቸውን ችለው የቆሙት፣ እንደ ቶሎ፣ ገና እና ክፉኛ ያሉት ጥቂት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በ የምትለዋን ፊደል ከፊት እናስቀድማለን፤ በፍጥነት፣ በችግር፣ በመርከብ እያልን።

ሉዶልፍ መምህሩን አልረሳቸውም። አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1698፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። ለአማርኛ የታተመ የመጀመሪያው ሰዋስው ይሄ ነው። መምህሩ ሰጠሙ፤ የመለሷቸው መልሶች ግን እስካሁን በመጽሐፍ ይነበባሉ።

እናንተም ፈተና ላይ አድቨርብ ፈልጉ ሲባል መጀመሪያ ግሱን ያዙት፣ ከዚያ እንዴት፣ መቼ፣ የት ብላችሁ ጠይቁት። ለልምምድ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አምስት ተውሳከ ግሶች አውጡና ለአማርኛ መምህራችሁ አሳዩ። በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!