ንጉሥ ሚካኤልና የደሴ መንገድ

ልጆች ሆይ፥ ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ በአየር ሲለካ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። ከኮምቦልቻም ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት በመኪና ሲሄዱበት ረጅም አይደለም። ይህን መንገድ በልባችሁ ይዛችሁ የንጉሥ ሚካኤልን ታሪክ ስሙ።

ሚካኤል ከወሎ ታላላቅ ባላባቶች ወገን ሲሆኑ የቀድሞ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበረ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ታላቁ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ተጠመቁ፤ ዐፄ ዮሐንስም የክርስትና አባት ሆኑላቸው፥ የራስነትንም ማዕርግ ሰጡአቸው። ኋላ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፤ ልጅ ኢያሱም ከዚህ ጋብቻ ተወለዱ። ደሴን መቀመጫቸው አድርገው የአይጠየፍን አዳራሽ ሠሩባት፤ ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. የንጉሥነትን ዘውድ ጫኑ።

የመንገድን ክብደት እርሳቸው ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የምኒልክ ሠራዊት በወረ ኢሉ የከተተው በጥቅምት ሲሆን አድዋ ላይ የተዋጋው ግን የካቲት 23 ቀን ነው። እርግጥ ነው፥ በመካከሉ አምባ አላጌና መቀሌ አሉ። ቢሆንም ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፥ ድንኳን ተካዩንና እንጀራ ጋጋሪውን አስከትሎ የሚጓዝ ጦር ቀኑን ሙሉ ተጉዞ የሚገፋው መንገድ ጥቂት ነው። ጭነት የያዘ በቅሎ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መልካም ሄደ ይባላል፤ ሠራዊት ግን ከዚህም ይዘገያል።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል ዕለት፥ መኳንንቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱን ንግሥት፥ ተፈሪንም አልጋ ወራሽ አደረጉ። ልጅ ኢያሱ በዚያን ጊዜ በሐረር ነበሩ። የአባት ልብ እንዴት እንደ ነደደ መገመት አያቅትም። ወሬ በሽቦ ይሮጣል፤ የወሎ ጦር ግን ከየአገሩ ተጠርቶ፥ ስንቅ ሰንቆ፥ ገደሉን ወርዶና ወጥቶ በእግሩ መምጣት ነበረበት።

ጥቅምት 9 ቀን በቶራ መስክ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ገጥመው ድል አደረጉ፤ ራስ ልዑል ሰገድም በዚያ ወደቁ። ከመስቀል ወዲህ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስምንት ቀን አለፈ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የወዳጅነት መልእክት እየላኩ ንጉሡን አዘገዩአቸው ይባላል፤ እውነት ከሆነ፥ ሽማግሌው ጊዜ ከጥይት ይልቅ እንደሚጠቅም ያውቁ ነበር ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ቀን ከሸዋና ከሌላውም አገር ጦር ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ነበር። ሰዎች የንጉሥ ሚካኤልን መሸነፍ ለመሣሪያ ማነስ ብቻ ይሰጡታል፤ ለእኔ ግን መንገዱም ከጠላት ጋር የተሰለፈ ይመስለኛል።

ጥቅምት 17 ቀን፥ ከመስቀል በ30ኛው ቀን፥ በሰገሌ ሜዳ ተዋጉ። ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ንጉሡም ተማረኩ። ወደ አዲስ አበባ የቀረውን መንገድ በእስረኝነት ፈጸሙት፤ በድል አድራጊው ሠራዊት ፊትም በሰንሰለት ታስረው አለፉ። በ1910 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ወደ ደሴ አልተመለሱም።