ንጉሥ ሚካኤል፦ ከቶራ መስክ እስከ ሰገሌ

ሐርቡና ኮምቦልቻ የሚገኙበትን ቃሉን ጨምሮ ወሎን ከደሴ ሆነው የገዙት ንጉሥ ሚካኤል፣ ቀድሞ መሐመድ ዐሊ ይባሉ ነበር። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ክርስትና ተነሡ፤ የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፤ ዐድዋ ዘመቱ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ንጉሡ ክተት ብለው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም በዚያው ወደቁ። ይህ ድል ግን የሚያሳየው የተሸነፈውን ጦር እንጂ ገና የሚሰበሰበውን አልነበረም።

የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በእጃቸው ያለው ሠራዊት ገና እንደማይበቃ ተረድተው ነበር። ስለዚህ ከንጉሡ የወገኑ መስለው መልእክት ላኩ። ንጉሡ መልእክቱን አምነው ሲዘገዩ፣ የሸዋ ጦር ከየአውራጃው ደረሰ።

ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ንጉሡን የገጠማቸው ይህ በእነዚያ ቀናት የተከማቸ ኃይል ነው። ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ንጉሡ ተማረኩ፤ ወደ ዙፋናቸው ሳይመለሱም በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ።

የወሎ ጦር በሰገሌ የተሸነፈው ጀግንነት ጎድሎት አይደለም። ንጉሡ የባላጋራቸውን ኃይል ባዩት ልክ መዘኑት፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን የጎደላቸውን ሠራዊት ለመሙላት የሚያስፈልገውን ቀን ጭምር አሰሉ።