መምህር ሳለ ተማሪ የሆነ ሰው
አልበርት ሽቫይትዘር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1875 ዓ.ም. በአልዛስ አገር ተወለደ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው በስትራስቡርግ የመንፈሳዊ ትምህርት መምህር ነበረ፤ ኦርጋን በመምታትም ስሙ የታወቀ ነበር። ነገር ግን በጋቦን ለሚስዮን ሥራ ሰው እንደታጣ ስላነበበ፥ በ1905 ሕክምና ይማር ዘንድ ቈረጠ። ወዳጆቹም መክሊቱን በምድር የሚቀብር መስሏቸው አጥብቀው ተቃወሙት። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሚተወው ሥራ በብዙ ድካም የተገኘ ነውና። እርሱ ግን በቃሉ ያስተማረውን በእጁ ሊፈጽም ወደደ። በዕድሜ ከሚያንሱት ጋር ተቀምጦ የሰውን አካል አሠራር ተማረ፤ መስበኩንም ስላልተወ እጅግ ደከመ። የፈተናውን ዋጋ የከፈለው ያው ይቀበራል የተባለው ኦርጋን ባስገኘለት ገንዘብ ነው። በ1913 ከሚስቱ ከሄለን ጋር ላምባሬኔ ደረሰ፤ ሐኪም ቤትም ስላልነበረው በአሮጌ የዶሮ ቤት ውስጥ በሽተኞችን ያክም ጀመር።